የሩዝ ጉድጓድ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም ሀቢባ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ሙቀቱ በረደላችሁ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልኩ አልሠራ ብሎ ይህን በሹፌር እጅ ልኬዋለሁ።

ዘንድሮ ርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን አቋርጦ ነበር፤ ሩዙ ግን አምሯል። የአሳታሚ ድርጅቴን ታፔላ አውርጄዋለሁ፤ ቀለሙ ለቆ ነበር። ለውጡ የመጣ ሰሞን ስሰቅለው ወረታ ሁሉ «ሴት ደግሞ መጽሐፍ ታሳትማለች?» ሲል፣ አንቺ እልል ያልሽበት ታፔላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች መጻሕፍት ሱቄ መጥተው ያሳተምኩትን የመምህር ሕዝቅኤልን አዲስ መጽሐፍ አሳዩን አሉኝ። አንድ ገጽ እንኳ ሳይገልጡ ደራሲው የት እንደሚኖሩ ጠየቁኝ። ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደዋል አልኳቸው። ጉልበታቸው እንኳ ከእኔ ይሻላል።

እማዬ የጓሮውን ጉድጓድ እያስጠረገች ነው። ለሩዝ ነው ትላለች። በፎገራ ሩዝ ጉድጓድ የሚከት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በደርግ ጊዜ የአባዬን መጻሕፍት የቀበረችበት ነው። ደርግ ወድቆ ስናወጣቸው ውኃ ገብቶ ሊጥ ሆነው ነበር። ይህንኑ ባነሳባት፣

«የዛሬ ላስቲክ ጠንካራ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ነው የምጠቀልለው» አለችኝ።

ከሱቅ ያመጣኋቸውን መጻሕፍት እያነሳሁ አቀበልኳት።

በተረፈ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ አላህ በደህና ያገናኘን። መልስ ስትልኪ ፖስታው ላይ የእኔን ስም ተይውና የእማዬን ጻፊበት።

እህትሽ ሀዲያ