የማላኪ ከስክስና አራተኛው እሁድ

ለእህቴ ለኑአላ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ካለሽበት እርሻ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የብርቱካን ለቀማው ወገብሽን እንዴት አደረገው? እጅሽ ላይ የወጣው ሽፍታስ ጠፋልሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ የሚለው የእማዬ ጥያቄ ነው፤ ትበያለሽ ወይ የሚለው የአያቴ ነው፤ አባዬ ደግሞ ዝናብ ጥሎ ያውቃል ወይ ይላል። እኛ ደህና ነን። ደህና የምንለው ሌላ የምንለው ስላጣን ነው። ላሞቹ ግን የእውነት ደህና ናቸው፤ ዝናባችንም እንደምታውቂው ጤነኛ ነው።

ያለሽበት ስልክ አይሠራም፤ ቢሠራም ኖሮ ይህንን በስልክ አልነግርሽም ነበር። እዚህ ቤት አንድ ሰው ስልክ ሲያነሳ ሌላው ማንኪያውን አስቀምጦ ይሰማል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል።

ሞተር ብስክሌት መንዳት መማር ጀምሬያለሁ። የወንድማችን የማላኪ ሞተር ከማገዶው መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ እንደቆመ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ስለሞላኝ ሥልጠናውን ከጨረስኩ መንዳት እችላለሁ። እማዬ መጀመሪያ አይሆንም ብላ በር ዘግታ ተቀመጠች። አባዬ ነው በበሩ ቀዳዳ ያነጋገራት። ማላኪን የወሰደው ኳስ ሜዳ ላይ የቆመው ልቡ ነው፣ ሞተሩ አንድ ቀን እንኳ ጭረት አላወጣበትም አላት። ብዙ ቆይታ ወጣችና ለምሳ ድንች መላጥ ጀመረች። እንደፈቀደች ያወቅነው በዚህ ነው።

ከማሰልጠኛው የመጣው ወረቀት ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ስለ ጫማ ነው። ጠንካራ ቆዳ ይሁን፣ ቁርጭምጭሚት ይሸፍን፣ ሶሉ አያንሸራት፣ ማሰሪያው አይንጠልጠል፤ የሸራ ጫማና የጎማ ቦቲ ያደረገ ከበር ይመለሳል ይላል። እኔ ይህንን ሳነብ የታየኝ አንድ ጫማ ብቻ ነው፤ የማላኪ ከስክስ። ግራው እግር አፍንጫው ላይ የማርሹ መርገጫ ያወጣበትን ምልክት ታስታውሺዋለሽ።

ግን ከስክሱ ቤታችን የለም። አንቺ ከቀብሩ በኋላ ወዲያው ስለተመለስሽ አላየሽም። አያቴ ያንን የድሮውን ነገር አነሳች። የሟች ልብስና ጫማ በሕይወት ባለ ሰው ተለብሶ ሦስት እሁድ ቅዳሴ ካልደረሰ፣ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም ራቁቱን በባዶ እግሩ ይቀራል የሚሉት ነገር። የለበሰው ሰው ደግሞ የራሱ ያደርገዋል፤ ወደ ሟቹ ቤት አይመለስም። ቄሱ ሰምተው ፈገግ አሉ እንጂ አልከለከሉም። ኮቱን አባዬ ለበሰው። ከስክሱ ግን አባዬ እግር ላይ አልወጣም። አያቴ ወደ እኔ እግር ተመለከተችና ያንተ ገና ነው ልጄ አለች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ዶናካን ጠራችው።

የጎረቤታችንን ልጅ ዶናካን ነው የምልሽ። ማላኪ ኳስ ማቀበል ያስተማረው፣ እሁድ እሁድ ሞተሩን አብሮት የሚያጥበው። እኔ ወንድሙ ሆኜ ባልዲ አመላላሽ ነበርኩ፤ ጨርቁን የሚይዘው እሱ ነበር።

ሦስቱን እሁድ እንዴት እንዳሳለፍኩ አልነግርሽም ብዬ ነበር፤ ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ወለል መሆኑን ታውቂያለሽ። ዶናካ ለቁርባን ሲነሳ የማላኪ እርምጃ ድምፅ ከኋላ ተነስቶ በአጠገቤ አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል። ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማ ማላኪ ነው፤ ስገልጥ ዶናካ ነው። አሮጊቶቹ እጅጌውን እየነኩ ይመርቁታል። ከቅዳሴ በኋላ እማዬ ቤት ጠርታ ቁርስ ታበላዋለች። ለእሱ ሁለት ቋሊማ፣ ለእኔ አንድ። የተቀመጠው በማን ወንበር እንደሆነ አትጠይቂኝ። እሱ ሲበላ እማዬ ጠረጴዛው ሥር ጫማውን ታያለች። እኔም አያለሁ።

እና የሥልጠናው ወረቀት ሲመጣ ሄጄ ጠየቅኩት። ለካ እሱም ለዚያው ለቅዳሜው ሥልጠና ተመዝግቧል። ከስክሱን መልስልኝ አልኩት። አያትህ ካዘዘችኝ እመልሳለሁ አለ። አያቴ እንደማታዝ ስለማውቅ ተናደድኩና፣ «ጫማውን ስታደርግ ወንድሙ የሆንክ መሰለህ እንዴ?» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባዬ መጀመሪያ የራሱን የሥራ ጫማ ሰጠኝ፤ አፍንጫው ብረት ያለበት ስለሆነ መርገጫው ሥር አይገባም። ስለዚህ ትራሊ ከተማ ወስዶ ሌላ ገዛልኝ። ሻጩ ሊያግዘው ሲመጣ እጁን አንስቶ ከለከለውና ራሱ ተንበርክኮ አጠለቀልኝ። በአውራ ጣቱ ጫፉን ተጫነ፤ ተረከዜን ያዘ፤ ቆመህ ጎንበስ በል አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ አባዬ ሲነካኝ ያ የመጀመሪያው ነበር ኑአላ። ጫማው ጥቁር ነው፤ ልክክ ያለ። እንደዚያ የሚመች ጫማ አድርጌ አላውቅም። ከልቤ ጠላሁት።

የሥልጠናው ቀን ደረሰ። አሰልጣኙ ሞሲ ይባላሉ፤ ሆዳቸው ከሞተሩ ታንከር ይተልቃል። ሞተር ከማየታችን በፊት አግዳሚ ላይ ደርድረውን በየተራ ጫማችንን መረመሩ። ሹል የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገውን የባንክ ሠራተኛ፣ ለሠርግ ከሆነ አምሮብሃል ብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ሰው በእጁ የሚነዳ ይመስለዋል፣ ግማሹን የሚነዳው ግራ እግሩ ነው፤ እግሩ ማርሹ ሲገባ ካልተሰማው ሞተሩ ይዞት ይሄዳል እንጂ እሱ አይነዳውም ይላሉ። የእኔን ጫማ ነካ አድርገው፣ «ይህንን የመረጠልህ ሰው ያውቃል» ብለውኝ አለፉ። እኔ ግን ዓይኔ ከጎኔ ዶናካ እግር ላይ ነበር።

ሞሲ የዶናካን ጫማ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ዶናካ ትንፋሹን ያዘ።

«እግርህ ስንት ቁጥር ነው?» አሉት።

«አርባ ስድስት።»

«ይሄ ጫማስ?»

«አርባ አራት።»

«ምን ሆነህ ነው አንተ ልጅ? በል አውልቀው።»

አወለቀው። ካልሲው ተጣብቆ ነበርና ቀስ ብሎ ላጠው። የአውራ ጣቱ ጥፍር የለም። አጠገቡ ያሉት ሁለቱ ጥቁር ናቸው። ሞሲ ቅድም የነበረ ቀልዳቸው ጠፋ። ጫማው የማን ነው ብለው ጠየቁት። ዶናካ ወደ እኔ አየና የጓደኛዬ ነው አለ።

በዚያን ሰዓት እኔ ምን እንዳደረግኩ ታምኚኛለሽ? እጄን አነሳሁ። ለእኔ ይሆነኛል አልኩ። ሞሲ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከስክሱን አዩና እሺ ሞክር አሉኝ። አጥልቄ ወደ ቆመው ሞተር ሄጄ ጣቴን ከመርገጫው ሥር አስገብቼ ወደ ላይ ሳብኩ። እግሬ ወጣ፤ ጫማው እዚያው ቀረ። ሞሲ፣ እግርህ ቤቱ ሄዶ ጫማህ ብቻውን ማርሽ ሊቀይር ነው እንዴ ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶናካ አልሳቀም። ለእሱ ከቁም ሳጥናቸው ሰፊ ያረጀ ቦት አውጥተው ሰጡት፤ እኔ አባዬ የገዛልኝን ጫማ መልሼ አሰርኩ። የማላኪ ከስክስ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ እኛ ስንዞር ተመለከተን።

ሻይ ስንጠጣ ጥፍርህን ምን ነካው ልለው አልኩና፣ ለምን ዝም አልክ ነው ያልኩት። እንዲህ አለኝ፦ «አያትህ በራችን ላይ ቆማ ልክህ ነው ወይ ስትለኝ ልኬ ነው አልኩ። ፊቷን ብታየው አንተም ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠበበኝ ብላት፣ ማላኪም እዚያ ጠብቦት እየሄደ ነው ብላ ታስባለች። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።»

አሁን አዘነለት ብለሽ እንዳታስቢ። እውነቱን የምነግረው ለአንቺ ብቻ ነው። ቀናሁበት። ጥፍሩን ቀናሁበት ኑአላ። እሱ ለማላኪ ሲል ሦስት እሁድ ደምቶ ሄደ፤ እኔ ወንድሙ ተቀምጬ ቋሊማ እቆጥራለሁ። ሌላው ሰው በሐዘን ጊዜ ሥራ አገኘ፤ ኮት የለበሰ አለ፣ ጫማ ያደረገ አለ፣ እማዬም ታጥባለች ታጥፋለች። ለእኔ ብቻ ምንም አልደረሰኝም። አንቺንም እቀናብሻለሁ፤ እዚያ ማንም ማላኪን አያውቀውምና ሁለት ወንድሞች አሉኝ ብትዪ የሚያርምሽ የለም።

ከሥልጠናው ስንመለስ ዶናካ ከስክሱን ውሰደው ብሎ አስታቀፈኝ። ወደ ሟች ቤት አይመለስም የተባለውን ይዤ መግባት ስለፈራሁ ውጭ መስኮቱ ሥር አስቀምጬ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ጥፍሩ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት። የጠየቅኳት አራተኛ እሁድ ይቆጠራል ወይ ብዬ ነው። ሹራቧን ትሠራ ነበር፤ ዓይኗን አላነሳችም።

«ሦስቱ ለእሱ በቅተውታል። አራተኛው ለማላኪ አይደርሰውም» አለች። ክሯን ሳብ አድርጋ፣ «ለራስህ ከሆነ ግን ማን ይከለክልሃል?» አለችኝ።

ሱፍ ጠቅልላ በገዛ እጇ ከጫማው ጫፍ ውስጥ ጠቀጠቀችልኝ፤ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ቤት ሳታስገባው።

ዛሬ ጠዋት አድርጌው ሄድኩ። ለቁርባን ስነሳ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሰማኝ፤ የማላኪ እርምጃ አልመሰለም፤ ባልዲ በደረጃ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ከኋላዬ የተሰለፈው ዶናካ ቀስ ብሎ «ዳክዬ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እማዬ ዞራ አየችኝ፤ ልትቆጣኝ ነው ስል አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ይነቀነቅ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። እስከ መሠዊያው ሄጄ ተመለስኩ። ሱፉ ይመቻል። ምንም አላመመኝም፤ ያ ነው የከፋኝ።

ውጭ ግንቡ ላይ ተቀምጬ አወለቅኩና ለዶናካ ሰጠሁት። ያንተ ነው፣ ግን እንዳታደርገው፣ አስቀምጠው ብቻ አልኩት። እሺ አለ። ከዚያ እኔ በከረጢት ይዤ የመጣሁትን የራሴን ጫማ አድርጌ በየጫማችን ወደ ቤት ሄድን፤ እማዬ ለሁለታችንም ሁለት ሁለት ቋሊማ አቀረበች። መቅናቴ አልቀረም። ግን አሁን የምቀናበትን ልጅ አውቀዋለሁ።

አንቺም ኑአላ፣ እዚያ ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲልሽ ልኬ ነው እያልሽ አትሂጂ። ከጠበበሽ ጠበበኝ በይና ጻፊልኝ። ለማንም አላነብም።

እማዬ ግንባርሽን ትስምሻለች። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ የሥራ ጫማሽ ሶሉ ካለቀ እንድትነግሪው አሳስቧል። አያቴ በጸሎቷ አልረሳችሽም፤ ካልሲም እየሠራችልሽ ነው፤ እዚያ ሙቀት ነው ብንላት አትሰማም። ቄሱም ሰላም በሏት ብለዋል። ዶናካም ሰላም ብሎሻል፤ መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው።

ወንድምሽ ፊናን

ካሂርሲቪን፣ ኬሪ
እሁድ፣ ጁን 9 ቀን 2013