የጎፈሬ ጢም

ሐሙስ፣ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አምቦ

ለልጆች የቴሌቪዥን ትምህርታችን የሠራሁትን አሻንጉሊት ጭራቅ፣ ጎፈሬን፣ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ወስደን ቀረጽን። ከአረንጓዴ ብርድ ልብስ የሰፋሁት እኔ፣ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቄ የምናገርለትም እኔ ነኝ። ልጆቹን እንዳያስለቅስብኝ ብዬ ትናንት ከጊንጪ ባመጣሁት የበግ ፀጉር ነጭ ጢም ቀጥዬለት ነበር። ወይ ጉዴ!

ብቅ ሲል ማንም አላለቀሰም። ይልቅ ሁሉም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉለት። "አንድ፣ ሁለት፣ አምስት!" ብዬ ቆጠርኩ። "ተሳስተሃል!" ብለው መጮህ ነበረባቸው። ዝም። ደገምኩት፤ አሁንም ዝም። ሽማግሌ በሰው ፊት እንዴት ይታረማል!

አዘጋጃችን ደረጀ ተናደደ። "ለነገ ጢሙን ቁረጪልኝ" አለኝ። ሳቄን አፍኜ እሺ አልኩ።

ካሜራው ከተዘጋ በኋላ፣ ገና ከጠረጴዛው ሥር ሳልወጣ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ የጎፈሬን ጆሮ በእጇ ከለል አድርጋ አንሾካሾከች፦ "ኦቦ ጎፈሬ፣ ከሁለት ቀጥሎ ሦስት ነው። ለማንም አልናገርም።"

"ገለቶሚ ልጄ" ብዬ በጎፈሬ ድምፅ አመሰገንኳት።

መቀሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እጄ ይታዘዝልኝ እንደሆነ ግን እንጃ…