ጋሽ ተስፋይ ሳይተኙ

ዓርብ፣ ኅዳር 9 ቀን 1987፣ ሮተርዳም

ቤት ከገባሁ ጀምሮ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ዛሬ ለጋሽ ተስፋይ ላስተረጉም የአእምሮ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ከአስመራ የመጡ፣ ወደብ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ቆይቷል፤ ሐኪሙ በሂፕኖሲስ፣ በድምፅ እያባበለ በማስተኛት፣ ሊሞክር ፈለገ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። እጅዎ እየከበደ ነው። ድምፄን ብቻ ይስሙ።» እኔም እንደሱ ድምፄን አለስልሼ፣ ቀስ እያልኩ አስተረጉማለሁ። ጋሽ ተስፋይ ግን ሰው ፊት ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ነውር ሆኖባቸው አፍጥጠው ያዩናል።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጋሽ ተስፋይ ትከሻዬን ሲነቀንቁኝ ነው። የተኛሁት እኔ ነኝ! ሐኪሙ «በአማርኛ ብዙ አወራሽ እኮ፤ እያስተረጎምሽ መስሎኝ ነበር» ብሎ ሳቀ።

እኔ ነኝ እንግዲህ ስለ ጥንቱ የአእምሮ ሕክምና የመመረቂያ ጽሑፍ የምጽፈው! የዚያን ዘመን ሐኪሞች እያስተኙ ያናገሯቸው ሴቶች ሁሉ ያስመስሉ ነበር ብዬ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ተመጻድቄበታለሁ።

ትራም ስንጠብቅ «ጋሽ ተስፋይ፣ ምን አልኩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምንም አላልሽም» አሉና ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ትራሙ ሲመጣ ግን እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ አሁንም በሕይወት አሉ?»

እዚህ አገር ስለ አባቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።