አራተኛ ፎቅ ድረስ የመጣው እንግዳ

ለእህቴ ለሚጡ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ወገቡን ያመዋል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ተሻለው? ልጅሽስ ደህና ናት? ስንት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ኖሬ ዛሬ ሁሉንም ባንዴ ስጠይቅ ሳትስቂብኝ አትቀሪም። ሳቂ። እኔ ከቁርጭምጭሚቴ በቀር ደህና ነኝ። የልብስ ቅርጫት ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ ወድቄ ተሰበረና ይኸው አምስት ሳምንት በጀሶ ታስሬ ቁጭ ብያለሁ። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ማጠብ ነው። ቀን ቀን የሆስፒታል አንሶላ፣ ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን የመሠዊያ ጨርቆች አጥባለሁ። እነዚያ ማሽን ውስጥ አይገቡም። ጽዋው የተጠረገባቸው፣ ሥጋው ያረፈባቸው ስለሆኑ ፍርፋሪ ቢኖር ብለን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ እንነክራቸዋለን። ያ ውሃ ቱቦ ውስጥ አይደፋም፤ ዛፍ ሥር፣ መሬት ላይ ይፈሳል። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሳደርግ አንድም ቀን ልቁረብ ብዬ አልተነሣሁም። ሰው ሲሰለፍ እኔ ሻርፔን አስተካክላለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ "አንቺ እኮ ለሰው አብስለሽ ጦምሽን የምታድሪ ሴት ነሽ" ትለኛለች።

መውደቄን ለአባ የነገረችብኝም እሷ ናት። አባ ዓርብ ቁርባን ይዤ እመጣለሁ ብለው ላኩብኝ። እኔም ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ አይድከሙ ብዬ መለስኩ። ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ልብስ ሰፊዋ ከፈተች። አባ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣት ቄስ ናቸው። ላባቸውን እየጠረጉ፣ "እማማ፣ ይሄ ሕንፃ እኮ ሊፍት ኖሮት አያውቅም" አሉኝ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ክፍሌን አየሁት። ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ አልጋ ሥር ያለ ሳፋ፣ እርጥበት ያጠቆረው ጣሪያ። "ይዘውት ይመለሱ፣ እኔ እሱን ልቀበል የምበቃ ሰው አይደለሁም" አልኳቸው። እሳቸው ግን "ክፍል ልመረምር አልመጣሁም" ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋም ወጣችልን። ያን ቀን የተናዘዝኩትን አሁን ላንቺ ልንገርሽ።

እማዬ ስትታመም የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ያኔ ደብዳቤ የሚያነብልኝ የሆስፒታሉ ዘበኛ ነበር። ያንን የተማረ የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ ግን ደሜ ፈላ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትላኪ እኔ "ትልቋ ናት፣ እሷ ትጠብ" ተብዬ መቅረቴ ትዝ አለኝ። በልጅሽ ትምህርት ልትኮሪብኝ ነው ብዬ ሳላስነብብ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት። ከሁለት ወር በኋላ እማዬ መሞቷን ከመንገደኛ ሰማሁ። አጎታችን ደውሎ "ምነው ለእናትሽ ቀብር ቀረሽ?" ሲለኝ፣ ደብዳቤሽ ሣጥኔ ውስጥ እያለ፣ "ማን ነግሮኝ? ሚጡ ደብቃኝ ቀበረቻት" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ደጅሽን ረግጦ እንደማያውቅ ሰምቻለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ማንበብ የምታስተምረኝ የቤተ ክርስቲያናችን መነኩሲት ፊደሉን ስታስጨርሰኝ ደብዳቤሽን አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። እማዬ ትልቋን ልጄን ጥሩልኝ ትላለች፣ ቶሎ ድረሺ ይላል። ስለ ትምህርት አንድም ቃል የለበትም። አንብቤ መልሼ አጠፍኩት። ይሄኛው ከፊተኛው ይብሳል። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ አሁን ግን አውቄ ዝም አልኩ።

አባ ሰምተው ፈቱኝ። ግን "ስሟን ያጠፉት እርስዎ ነዎት፣ የሚያድሱትም እርስዎ ነዎት" አሉኝ። በምን እግሬ ሄጄ ብላቸው፣ "እጅዎ አልተሰበረም" አሉ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ሻማ አበሩ። ሰዎች ከመቁረባቸው በፊት ጌታ ከጣራቸው ሥር እንዲገባ የማይበቁ መሆናቸውን ሲናገሩ እኔ ሁልጊዜ ከንፈሬን ገጥሜ ነበር የምቆመው። ያን ቀን ያንን የጠቆረ ጣሪያ እያየሁ አልኩት። ተቀበልኩት።

ሰላም አገኛለሁ ብዬ ነበር፣ አላገኘሁም። እንግዳ ሲገባ ቤትሽ ሁሉ ቆሻሻ መስሎ እንደሚታይሽ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በውስጤ የማላፍርበት ጥግ አጣሁ። የትምህርቱም ቂም ገና ከሆዴ አልወጣም፤ ወጥቷል ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ቢሆንም እሱ ገብቷል፣ ውጣልኝ አልለውም። ይቅር በይኝ። ካልሆነልሽም አልፈርድብሽም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ስሜ ሲነሣ ከቤት ይወጣል አሉ፣ ሲመለስ ንገሪው። ልጅሽን ሳሚልኝ፤ አክስት እንዳላት ትወቅ። ለአጎታችን ግን ሰላምታዬን አንቺ አታድርሺ። የዋሸሁትን ሁሉ ጽፌ ለብቻው ልኬለታለሁ፤ የዚያን ጊዜ ደብዳቤሽንም ከነፖስታው አብሬ አያይዤለታለሁ። አንድ ቀን ደጅሽ ብቅ ካለ ምንም አትጠይቂው፣ ዝም ብለሽ አስገቢው።

እትዬሽ
ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለው ሕንፃ
የካቲት 23 ቀን