የሁዳዴ አሥራ አንድ ነጥቦች

ሰኞ
እምቢ አሉኝ። አሥራ አንዱም ነጥቦች ከግራፉ መስመር በታች ተንጠልጥለዋል። ቴሲሱን ዓርብ ማስረከብ አለብኝ።

ሦስት ዓመት የለካሁት አንድ ነገር ነው፦ ሃይድሮጅን ከጋለ አርጎን ጋር ሲጋጭ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰነጠቅ። የብረት ቱቦ፣ መሐሉ ላይ ስስ አሉሚኒየም፣ ከጀርባው የታመቀ ሂሊየም። አሉሚኒየሙ ሲቀደድ የሚነሳው የግፊት ማዕበል የሃይድሮጅንና የአርጎን ድብልቁን በቅጽበት ያግለዋል። ተኩስ እንለዋለን። የቀሩት ተኩሶች ሁሉ ደህና ናቸው፤ እነዚህ ብቻ ቀርፋፋ። ሰልችቶኛል።

ማክሰኞ
ከምኖርበት ከኪዋቱሌ በቦዳ ሞተር፣ በዝናብ። ጫማዬ አሁንም እርጥብ ነው።

ቱቦው አያፈስም። ዘይት አልገባበትም። መለኪያው ደህና። ፕሮፌሰሬ ነጥቦቹን ዝም ብለሽ አውጫቸው አሉኝ። ከሰዓት አጠፋኋቸው። ግራፉ አማረ። አፈርኩና መለስኳቸው።

ረቡዕ
መብራት የለም። ደብተሬን መስኮት ስር አነበብኩ። ሁሉም የመጋቢት ናቸው። ጋዙ ታንክ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰዓት አርፎ መደባለቅ አለበት። እኔ ሞልቼ ካርድ ላይ የሞላሁበትን ሰዓት እጽፋለሁ፤ ስድስት ሰዓቱ ሲያልፍ የላቦራቶሪያችን ሠራተኛ ሳሎንጎ ይተኩሳል። የሁሉም ካርድ 9 ይላል፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ተኩስ ከሰዓት 4:00። ሰባት ሰዓት ሙሉ አርፏል። ጥፋት የለም። ትንሽ አለቀስኩ።

ሐሙስ
ቱቦውን ካትዌ፣ የበያጆች ሰፈር ወስዶ ያስበየደው ሳሎንጎ ነው። ሳሎንጎ የመንታ አባት መጠሪያ ነው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ዛሬ ቡሎን እያጠበቀ መጋቢትን አነሳ።

"ልተኩስ ስመጣ አንቺ ሄደሻል፣ የፖሾ ገንፎሽ ሳህን ግን ሁሌም ገና ለብ ያለ ነበር" አለኝ።

ሁዳዴ ነበር። እስከ ዘጠኝ እጾም ነበር፤ ጋዙን ሞልቼ፣ በልቼ፣ ልጆች ወደማስጠናበት ሥራ እሮጥ ነበር። ካርዱ ላይ የጻፍኩት 9 የጾም መፍቻዬ ነው፣ በአበሻ ሰዓት፤ በፈረንጅ ከሰዓት 3:00። እሱ በፈረንጅ ከጠዋቱ 9 አድርጎ ቆጥሮታል። ውጤቱን ያየሁት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኔም ረስቼው እንደሱ አነበብኩት። ጋዙ ያረፈው አንድ ሰዓት ነው። ሃይድሮጅኑ ላይ ቀርቷል፤ ከታች የቀዳነው አርጎን ነው።

ሳሎንጎ ሳቀ። በሱ ቋንቋ በሉጋንዳም ዘጠኝ ሰዓት ያው የኛ ዘጠኝ ነው። "በቁጥር ሲጻፍ ግን በእንግሊዝኛ ነው የማነበው" አለ።

ለአንድ ተኩስ የሚሆን ሂሊየም ቀርቶናል። ለጥሩ ነጥብ ያስቀመጥኩት ነበር። አንድ ሰዓት ብቻ አሳርፈን ተኮስን። አዲሱ ነጥብ ከአሥራ አንዱ መሐል ቁጭ አለ። በመጥፎ ውጤት እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ዓርብ
አስረከብኩ። አሥራ ሁለቱም ግራፉ ላይ አሉ፣ ባዶ ክብ ሆነው። ከግርጌ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ከነሰዓቱ ጻፍኩ።

ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ፈታኙ ፊት ይህን ትናገሪዋለሽ?" አሉኝ። እናገራለሁ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸው ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ስመለስ የቦዳው ሰውዬ ስንት ሰዓት ነው አለኝ። ቁጥር ከምጠራ ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት።