የእህቴን ክፍል፣ አልጋና ደም በአንድ መስመር እንዲነግሩኝ ስለመለመን

ናዝሬት፣ ጥር 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጉተማ፣ የሆስፒታላችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በሽተኛ ያስተኛን ሰዎች ከመስኮትዎ ፊት ቆመን ስንውል፣ እርስዎን ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በመጠበቂያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በርዎን ዘግተው ስለሚሠሩ ላለመረበሽ ብዬ ነው።

እህቴ አሳየች ከአቦምሳ ታማ መጥታ እዚሁ ተኝታለች፤ ሰኞ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ማወቅ የፈለግሁት የተኛችበትን ክፍል፣ የአልጋዋን ቁጥርና የደሟን ዓይነት ነበር።

አንደኛ፤ ከወዳጅ አገር የተላከልን ኮምፒዩተር በውስጡ ዝግጁ ጥያቄዎች እንደተቀመጡለት፣ እያንዳንዱም ጥያቄ ስም ሲሰጡት አንድ መልስ ብቻ እንደሚመልስ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ክፍሏን አንድ ቀን፣ አልጋዋን ሌላ ቀን፣ ደሟን ደግሞ ሌላ ቀን ስጠይቅ የከተማውን ባለጋሪዎች ሁሉ ተዋውቄያለሁ።

ሁለተኛ፤ እዚህ የተኙት አሳየቾች ሦስት ናቸው። ማሽንዎ በየጥያቄው ያገኛትን አሳየች ይዞ ስለሚመጣ፣ ክፍሉ የአንዷ፣ አልጋው የሌላዋ፣ ደሙ የሦስተኛዋ ሆኖ ተሰጠኝ። በዚሁ መሠረት ለእህቴ የሠራሁትን ሾርባ ከወንጂ የመጡ አንዲት እናት ጠጥተው መርቀውኛል፤ ምርቃቱ ለእርስዎ ይሁን። ወንድማችን ጃራ ግን ደም ሊሰጣት ከአርሲ ነገሌ ድረስ መጥቶ፣ ደምህ አይሆናትም ተብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ነርስ ዙለይካ የእህቴን ካርድ አይታ የሁለቱ ደም አንድ መሆኑን ነገረችኝ።

ሦስተኛ፤ ሦስቱ መልሶች ከአንዲት ሰው መዝገብ ጎን ለጎን እንዲወጡ ብለምንዎ፣ ለዚህ፣ አዲስ የመልስ ዓይነት በዋናው መሥሪያ ቤት ተሰይሞና ጸድቆ መምጣት አለበት አሉኝ። የማሽኑ ሠራተኛ ጓድ ወዬሳ፣ ምንም አዲስ ዓይነት ሳይሰየም፣ በጥያቄው ራስ ላይ ክፍል፣ አልጋ፣ ደም ብሎ ሦስቱን ዓምዶች መዘርዘር ብቻ እንደሚበቃ እፊቴ ሲነግርዎ፣ ካልጸደቀ ትክክል የጸደቀ ስህተት እንደሚሻልዎ ገልጸው ዝም አሰኙት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከየት ይገኛል!

አሁን የቸገረኝ፣ ሰኞ ለቀዶ ጥገናው ክፍል የሚላከው ወረቀት ከዚሁ ማሽን የሚወጣ መሆኑ ነው። የሌላ ሴት ደም ለእህቴ እንዳይታዘዝላት፣ ከዚያ በፊት ጓድ ወዬሳን ሥራውን እንዲሠራ ቢፈቅዱለት፣ ቤተሰባችን ስምዎን ሲያነሳ ይኖራል። ካልፈቀዱለትም ማንሳታችን አይቀርም።

በመስኮትዎ ፊት የቆመችበት ሥፍራ እስኪጎደጉድ በአክብሮት የምትጠብቅዎ፣
የሺዓለም ደገፋ

ማሳሰቢያ፤ ዙለይካ የእህቴን ክፍል፣ አልጋና ደም በፕላስተር ላይ በአንድ መስመር ጽፋ እጇ ላይ ለጥፋላታለች። ዋናውን መሥሪያ ቤት ያስፈቀደ የለም። ሌሎቹ አሳየቾችም ለምነው ተለጥፎላቸዋል። በዚህ ሳምንት ጉተማ የሚባሉ ሁለት በሽተኞች መግባታቸውን ሰምቻለሁና፣ እርስዎም ድንገት ቢያምዎ፣ ፕላስተሩ ሳያልቅ ይምጡ።