ለጉብኝት ቀን ከእኛ ስለሚዋሷቸው ልጆች

ለክቡር የአካባቢያችን አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋናን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረጃው እንዳያደክምዎ፣ የስብሰባው ብዛት ወገብዎን እንዳይይዝዎ፣ የሚፈርሙበት እጅዎም እንዳይዝል ዘወትር እመኛለሁ። እኔ የሆስፒታል አንሶላ ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ የአሥራ አንድ ሠራተኛ እናቶችን ልጆች ጠዋት ተቀብዬ ማታ የማስረክብ ሴት ነኝ። ሰፈሩ እትዬ መርፌ ይለኛል፤ ቢሮዎ ግን ባለፈው ሳምንት በላከልኝ ደብዳቤ «ሕገወጥ ማቆያ» ብሎኛል። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ስም የሚያወጣልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበርና እግዜር ይስጥልኝ።

ደብዳቤው ቤቴ ሰኞ ጠዋት እንደምትታሸግ ይገልጻል። ከመታሸጓ በፊት ሳላመሰግንዎ ብቀር ሆዴ አይችልምና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በቅድሚያ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ጎን ስላሠሩልን የሕፃናት ማቆያ። ዓይን የሚያጠግብ ቤት ነው። አሥራ ሁለት ትንንሽ አልጋ፣ ቀይ የእንጨት ፈረስ፣ ቁመታቸው ከጉልበቴ የማያልፍ የእጅ መታጠቢያዎች አሉት፤ ሁሉም እንደመጣ በላስቲኩ ተጠቅልሎ ይገኛል። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን የጎደለው ሞግዚትና ልጅ ብቻ ነው። ሞግዚት ያልተቀጠረው ልጅ ስላልተመዘገበ፣ ልጅ ያልተመዘገበው ደግሞ ሞግዚት ስላልተቀጠረ መሆኑን የቢሮዎ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ በትሕትና አስረድታኛለች፤ እኔም ገባኝ ብዬ ወጣሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

2. እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቹን ከእኔ ስለ መዋስዎ። ባለሙያዋ እስከ ዛሬ አራት ጊዜ መኪና ይዛ ከበሬ ቆማ፣ «እትዬ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ» እያለች ወስዳቸዋለች። ብርቱካናማ ካናቴራ ይለብሳሉ፤ ላስቲኩን እንዳይነኩ ይመከራሉ፤ እንግዳ ሲገባ ያጨበጭባሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ። እንግዳው ሲሸኝ ካናቴራው ይወልቅና ልጆቹ ወደ ሕገወጧ ይመለሳሉ። ልጅ ለማዋስ ሕጋዊ፣ ልጅ ለመያዝ ሕገወጥ መሆኔ እጅግ ይደንቀኛል። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። አንድ ቀን እውነተኛ ቦታ ይሰጧቸዋል ብዬ ተሞኘሁ፤ እናቶቹንም ያሳመንኳቸው ይህንኑ ብዬ ነው።

3. ባለፈው ወር ጉብኝት ሲያበቃ ስለተደረገው ጥንቃቄ የተሞላበት ቆጠራ። አሥራ አንድ ካናቴራ ተቆጥሮ አንድም ሳይጎድል ገባ፤ ልጅ ግን አሥር ተመለሰልኝ። ሦስት ዓመት ያልሞላው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ማጨብጨቡ አድክሞት ከአንዱ አልጋ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሠራተኞችዎ ካናቴራውን ከላዩ ላይ አውልቀው፣ እሱን እዚያው ትተው፣ በሩን ቆልፈው ሄዱ። ያለ ጫማ ሮጬ ዘበኛውን በሩን ሳስከፍተው ልጁ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ሱሪው ረጥቧል፤ ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል። እንኳን ደስ አለዎ፤ በማቆያዎ ውስጥ አንድ እንቅልፍ የተኛ የመጀመሪያው ሕፃን እሱ ነው።

እናቱ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት የሚይዝላት ሰው ስላልነበራት ቤት ቆልፋበት ነበር ሥራ የምትውለው። ያን ጊዜ ባለሙያዎ በስብሰባ መካከል አስነሥታ «ቸልተኛ እናት» ብላ አስለቅሳታለች። እናንተ ስትቆልፉበት ግን ሪፖርቱ «የተሳካ ጉብኝት» ብሎ ጻፈው። አፈርኩ ክቡር ሆይ፤ በእናንተም አፈርኩ፣ በራሴም አፈርኩ።

4. ስለ ማሸጊያው ምክንያት። መስኮቴ ጠባብ መሆኑንና ግድግዳዬ የእንስሳት ሥዕል እንደሌለው ደብዳቤዎ ይጠቅሳል። እውነት ነው፣ ዝሆን የለኝም። ትኩስ ምሳ፣ ደረቅ ልብስና ሲያለቅሱ የሚያነሣቸው ሰው ግን አለ። ዳቦ ቤቱ «ከእንግዲህ አንድ ቀን ብትቀሪ እንዳትመለሺ» ብሏት፣ ጋጋሪዋ ደብዳቤዎን ካነበብኩላት ጀምሮ እንጀራዋ በአፍንጫዋ ሊወጣ ደርሷል። ሰኞ ቤቴ ስትታሸግ ወይ ሥራዋን ትለቃለች፣ ወይ ያንን ቁልፍ እንደገና ታነሣለች።

5. ትናንት ባለሙያዋ ደውላ፣ ማክሰኞ ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ልጆቹን አጣጥቤ እንድጠብቅ አደራ ብላኛለች። ሰኞ ሊያሽጉኝ፣ ማክሰኞ ሊዋሱኝ! ወይ ጉድ! ድፍረትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

እንግዲህ ሕግ አክባሪዎች ነንና ከእናቶቹ ጋር ተማክረን ልጆቹ ሕጋዊ በሆነ ቦታ እንዲውሉ ወስነናል። ሰኞ ጠዋት አሥራ አንዱም ወደ ቢሮዎ ይመጣሉ። እናቶቹ ለእርስዎ አስረክበው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ፤ እኔም ቤቴ ታሽጎብኝ ሥራ ፈት ስለምሆን፣ ዓይኔን ከልጆቹ ሳልነቅል ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደሚይዟቸው ከእርስዎ እማራለሁ።

ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝብዎ፣ የሕፃን ልቅሶም ከስብሰባዎ እንዳያናጥብዎ አጥብቄ በመመኘት፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ

እትዬ መርፌ
የቀድሞ አንሶላ ሰፊ፣ ያሁን ሕገወጥ

ማሳሰቢያ፦ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ ልጅ ትናከሳለች፤ ጣትዎን ይጠብቁ። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ግን አያስቸግርዎትም። ከዚያን ቀን ወዲህ በር ሲዘጋ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ ከተከፈተለት ዝም ይላል። ስለዚህ ሰኞ የቢሮዎን በር ክፍት ይተዉልን፤ ለባለጉዳይ ከፍተውት እንደማያውቁ አውቃለሁ፣ ለእሱ ሲሉ ግን ይለመኑን።